ዓሣ በልቶ ፀሐይ ላይ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር፣ ውጭ አገር በምንኖርበት ኒው ዌስት በሚባለው ሰፈር ካለው ሐይቅ ዳር ነበርን። ትኩስ የዓሣ ጥብሷን ከወረቀቱ ላይ በልታ እንደጨረሰች፣ ከንፈሯ በቅባት እንደወዛ ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች። ሳላስበው ነጠላዬን አውልቄ ፊቷ ላይ ጣል አደረግኩ።

«እማ፣ ተዪኝ! ፀሐይ እኮ ነው!»

ሳቄ መጣ። በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ እዚያው ሐይቅ ዳር፣ ይኸው ጠባዬ ሥራ ሊያሳጣኝ ነበር።

ያኔ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ሜፍራው ኮሪ የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሴት (ሜፍራው በዚህ አገር ቋንቋ ወይዘሮ እንደማለት ነው) ከእኔ በፊት የተመደቡላቸውን ሁለት ተንከባካቢዎች «አልፈልጋቸውም» ብለው መልሰዋል። አለቃዬም «አንቺንም ከመለሱሽ ሌላ ቦታ የለኝም» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። እኔ ግን አልፈራሁም፤ ትልቅ ሰው መያዝ ደሴ እያለሁ የለመድኩት ነው።

ወሩ ሐምሌ ነው። በእኛ አገር ሐምሌ ጭቃና ጉም ነው። እዚህ ግን ሁለት ሳምንት ዘንቦ ፀሐይ ብቅ ስትል ከተማው በሙሉ ልብሱን ጥሎ ውሃ ዳር ይሰፍራል። ሜፍራው ኮሪን በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ ወሰድኳቸው። የዓሣ ጥብስ ገዛን፤ እኔም በላሁ፣ እሳቸውም ጣታቸውን እየላሱ በሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና ፊታቸውን ለቀትር ፀሐይ ሰጡ።

በቅባት ላይ ፀሐይ! ምች እንደሚመታቸው ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ትኩሳቱ፣ የከንፈሩ ቁስል ሁሉ ታየኝ። ምንም ሳልጠይቅ ወንበሩን አዙሬ ዛፍ ሥር አስገባኋቸው፤ ነጠላዬንም ደረብኩላቸው።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«ይታመሙብኛል ሜፍራው። ከዓሣ በኋላ ፀሐይ ላይ አይቀመጡም።»

«ስንት በጋ የቀረኝ ይመስልሻል? መልሺኝ! አለዚያ ዛሬውኑ ለአለቃሽ እነግራታለሁ።»

ስለ ሥራዬ አለመስጋቴ አልነበረም። አንጀቴን የበላው ግን እጃቸው ነው፤ ከጥላው ጫፍ አልፎ ፀሐዩ ላይ ተዘርግቷል።

ወንበሩን መለስኩና ጎናቸው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። «እሺ፣ እንግዲህ አብረን ይምታን።»

በማግስቱ ከንፈሬ አብጦና ቆስሎ ሥራ ገባሁ። የሳቸው ፊት እንደበሰለ ኮክ ቀልቷል፤ ምንም አልሆኑም! «በይ አሁን ማናችን ነን በሽተኛ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። አለቃዬን ጠርተውም «ይቺ ግትር ናት፤ እሷን ተዪልኝ» አሏት። ሁለት በጋ አብረን ወጣን። ሦስተኛውን አላዩትም።

ቅዳሜ ዕለት ነጠላውን ከልጄ ፊት ላይ አነሳሁ። የተረፈውን ዓሣ ጨረስኩና አጠገቧ ተዘረጋሁ። በጋ መቁጠር እኔም ጀምሬያለሁ። ምች ከመጣም ይምጣ፣ ዳማከሴዬ በረንዳዬ ላይ ለምልማለች።