የጋሽ ደባልቄ ርክክብ

የመሥሪያ ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ደባልቄ አንድ መጥረጊያ ለመስጠት ሦስት ፊርማ ይጠይቃል። "ሳላይ አልፈርምም፤ አንቺም ሳታዪ አትፈርሚም" ይላል። እኔ ሩሐማ እባላለሁ፤ ከደብረ ብርሃን አሶሳ ተመድቤ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ጋሽ ደባልቄ ስድሳ ዓመት ሞልቶት ጡረታ ሲወጣ ግምጃ ቤቱን ተረከቢ የተባልኩት እኔ ነኝ። ምን በድዬ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሌላ ሰው በሁለት ቀን የሚጨርሰውን ርክክብ እኛ ሦስተኛ ሳምንት ያዝን። የተሰበረ ወንበር እንኳ እግሩ ይቆጠራል። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳሚያ የኩርሙክ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ገና አልተቃናም፤ በበሩ ባለፈች ቁጥር ትስቅብናለች። "ጋሽ ደባልቄ፣ አንተ ጡረታ ይወጣል ወይስ ሩሐማ ጡረታ ይወጣል?" ትለዋለች። እሱ ፈገግ ብሎ መቁጠሩን ይቀጥላል።

ሐሙስ ከሰዓት፣ የሚያዝያ ሙቀት የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲያግለው፣ ትዕግሥቴ አለቀ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያልተከፈተ አንድ ካርቶን ቀርቶናል። "ጋሼ ሙት፣ 'ምንም የለም' ብለን እንፈርምና እንገላገል። ማን ያያል?" አልኩት።

እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። የቀለደ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት፤ አመድ መስሏል። ወንበር ስቦ ቁጭ አለና "እንዲህ ብዬ ፈርሜ ሰው በቁሙ ገድያለሁ" አለኝ።

ባሕር ኃይል እንደነበረ እንኳ አላውቅም ነበር። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ ቀይ ባሕር ላይ በምትዞር አንዲት የቅኝት ጀልባ ውስጥ ራዳር ይመለከት ነበር። ቀደም ብሎ የወፍ መንጋ የጠላት መርከብ መስሎት ባልደረቦቹን ሁሉ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሷል። ከዚያ ወዲህ "ዶሮ ጠባቂው" እያሉ ሲያላግጡበት ከረሙ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ተራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ራዳሩ ላይ አንድ ነጥብ ታየ። በመርከብም በአውሮፕላንም አይቶት በማያውቀው ፍጥነት ይሄዳል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለመናገር አፉን ከፈተና "ዶሮ ጠባቂው" የሚሉት ትዝ አለው። መዝገቡ ላይ "ምንም የለም" ብሎ ፈረመና ተራውን አምላኩ ለሚባል ጓደኛው አስረከበ።

አምላኩ ግን የወሎ ልጅ ነው፤ ያየውን ይናገራል። ነጥቡን ራዳሩ ላይ አየና ለማጣራት ወደ ውጭ ወጣ። ከውኃው በላይ ክንፍ የሌለው፣ ድምፅ የሌለው ነጭ ነገር ቆሟል። ጮኸ። ሰዎቹ እስኪደርሱ ነገርዬው የለም። አዛዡ መዝገቡን ተመለከተና ደባልቄን አስጠርቶ ምን እንዳየ ጠየቀው።

"'ምንም አላየሁም ጌታዬ' አልኩ" አለኝ ጋሽ ደባልቄ። "አምላኩ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አንድ ወር አስረው አእምሮው ተነክቷል ብለው አባረሩት። ያ ነገር ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ማየቴን ግን አውቃለሁ።"

ባሕር ኃይሉ ሲበተን አሶሳ መጥቶ ተቀጠረ፤ ከዚያ ወዲህ ሳያይ ፈርሞ አያውቅም።

"ሰውየው አሁን የት ነው?" አልኩት።

"ፓዌ። ቤተሰቦቹ በሰፈራ ሄደው እዚያ ነበሩ። ስልክ ቁጥሩን ካገኘሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ።"

"ሁለት ዓመት! ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

"ስሜን ሰምቶ ቢዘጋብኝስ?"

እኔ ደግሞ ጠባዬ ነው፤ መንቀርፈፍ አልወድም። የጋሽ ደባልቄን ስልክ ከጠረጴዛው አነሣሁና "አምላኩ ፓዌ" የሚለው ላይ ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

"አቤት፣ ማን ልበል?" አለ ሻካራ ድምፅ።

"ደባልቄ ነኝ። የራዳሩ።" ከዚያ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አወጣው። "አምላኩ፣ ያን ቀን አይቼዋለሁ። ካንተ በፊት አይቼዋለሁ። ፈርቼ ዋሸሁብህ።"

ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁ፤ አልተቋረጠም። ማዶ ከሩቅ ወፍጮ ይጮኻል። ጋሽ ደባልቄ ዐይኑን ጨፍኗል። እኔም ምነው እጄን በሰበረው አልኩ።

ከዚያ ጩኸት መጣ፤ በእኛ ላይ ግን አልነበረም። "የዝናሽ! አንቺ የዝናሽ! የያዝሽውን ጥለሽ ነይ!" ትንሽ ቆይቶ "በል ለሚስቴ ድገምላት፤ አንዲት ቃል እንዳትቀንስ" አለው።

ደገመላት።

"አንቱ ሰውዬ፣ እስቲ ማርያምን በሉ" አለች ሴትዮዋ።

"ማርያምን! በዐይኔ አይቻለሁ።"

"ወይኔ! ጤነኛውን ሰው! ሰባት ክረምት ጠበል ለጠበል አንከራተትኩት እኮ! 'ኧረ አልታመምኩም' ሲለኝ፣ ሰይጣኑ ነው የሚያስለፈልፈው እያልኩ በዚያ ብርድ ስዘፈዝፈው!" ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። "ይቅር በለኝ የኔ ጌታ" ስትል ሰማን፤ ለባሏ ነው።

አምላኩ ስልኩን መልሶ ሲይዝ ድምፁ ሌላ ሆኗል። "ደባልቄ፣ እኔ ራሴ አብጃለሁ ብዬ አምኜ ነበር እኮ። ለልጆቼ እንዳይተርፍ ስሳቀቅ ነው የኖርኩት።"

"ይቅር ትለኛለህ?"

"እሱን አሁን ተወው። በጣም ተናድጄብሃለሁ። ግን ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን አታበላሽብኝ። ነገ ደውል፤ ነገ እሰድብሃለሁ።"

በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ጋሽ ደባልቄ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ከዚያ ስልክ የሚወጣውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ እስከ ሰባት ቤት ዘመዱ ያልተነካ የለም። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፊቱ በርቶ፣ "ልክ ነህ… ልክ ነህ ወንድሜ" ይላል። እንደምን አደርክ ልለው ስል በእጁ ዝም በይ አለኝ፤ አንድም ስድብ እንዳያመልጠው።