ሰባት ቁጥር ብርጭቆ

ትናንት ከሰዓት የሆነውን ለማንም አልነገርኩም... እዚህ ልጻፈው። ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ ቃል አይወጣኝም።

የምሠራው መርካቶ፣ በአክስቴ ልጅ በአብዱ የሞባይል ጥገና ሱቅ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ኮምፒውተር ያስተማረኝ እሱ ነው። ኮምፒውተራችን አሮጌ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። የእያንዳንዱ ደንበኛ ፋይል ቁጥር ባለው ፎልደር ይቀመጣል፣ ሥራው ሲያልቅ እኔ አጠፋዋለሁ።

ማለቁን የምናውቀው በሽምብራ ነው። ባንኮኒው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው የሻይ ብርጭቆዎች አሉ። ከእኛ አንዳችን በፎልደሩ የምንሠራ ከሆነ በቁጥሩ ብርጭቆ አንድ የተቆላ ሽምብራ እንጥላለን፣ ስንጨርስ እናነሳለን። ሽምብራ ከአብዱ ኪስ ጠፍቶ አያውቅም። ብርጭቆው ባዶ ከሆነ ፎልደሩን ማንም አልያዘውም ማለት ነው።

«ኮምፒውተርም ሆዱ ውስጥ እንዲህ ነው የሚቆጥረው» ይለኛል። «አንዱ ገና ሳይለቅ ቦታውን ለሌላ ከሰጠ... አለቀ!»

ትናንት እትዬ ዘነቡ መጡ። እህል በረንዳ እህል የሚያበጥሩ እናት ናቸው። ልጃቸው ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ከሥራ ቦታው «እማ፣ በላሽ ወይ?» እያለ የላከላቸው ድምፅ ያለው በስልካቸው ሚሞሪ ብቻ ነው።

ሚሞሪው ተበላሽቷል። አብዱ ስንት ታግሎ ድምፆቹን ሚሞሪው ውስጥ ካለው ሌላ ፋይል ሁሉ ጋር ወደ ሰባት ቁጥር ፎልደር አወጣቸው፤ ሚሞሪው ግን እዚያው ሞተ። ሽምብራውን ሰባት ቁጥር ብርጭቆ ውስጥ ጥሎ አዲስ ሚሞሪ ሊገዛ ወጣ። እትዬ ዘነቡ ባንኮኒው ጋ ተቀመጡ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስልክ እጠርግ ነበር።

አንድ ሹፌር ፍላሽ ይዞ መጣ። «እህት፣ እነዚህን ፊልሞች ስልኬ ላይ ጫኚልኝ፣ ቶሎ በይ፣ መኪናዬን መንገድ ላይ ነው ያቆምኩት!»

ፊልሞቹን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ልገለብጥ ስል ቦታ የለም አለ። ብርጭቆዎቹን አየሁ። ሰባት ቁጥር ባዶ ነው። አብዱ መቼ አነሳው? እትዬን መጠየቅ አፈርኩ። ለአብዱ መደወልም... ሹፌሩ እያየኝ ነበር። አጠፋሁት። ፊልሞቹን ገለበጥኩ።

አብዱ ተመለሰ። «ሰባት የታለ?»

«ብርጭቆው ባዶ ነበር...»

«እኔ መች አነሳሁ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። የጠፋ ፋይል የሚመልሰውን ፕሮግራም ከፈተ። ሞከረ፣ ደግሞ ሞከረ። ድምፆቹ የነበሩበት ቦታ ላይ የሹፌሩ ፊልም ሰፍሮበታል።

«ሽምብራዋስ የት ገባች?» አለ ጮክ ብሎ።

እትዬ ዘነቡ ደንግጠው ተነሡ።

«ውይ በሞትኩት! እኔ ነኝ... ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ያቺን አንዷን አፌ ውስጥ ጣል አደረግኳት። ለካ ለቁም ነገር ነበረች? በል እሷን አትቆጣት፣ ነገ ከበረንዳ እፍኝ ሙሉ አመጣላችኋለሁ።»

አብዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «መቁጠሩን እንጂ ክዳን ማበጀቱን አላሰብኩም። ማንም እጁን እንዳይሰድበት...»

«የልጄ ድምፅስ ደረሰ?» አሉ እትዬ።

አብዱ ዞር አለ። እኔ አፌን ከፈትኩ... ጠፋ ካልኳቸው እንዴት ጠፋ ይላሉ። እንዴት እንደጠፋ ከነገርኳቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ያችን አንዲት ሽምብራ ሲያኝኩ ይኖራሉ።

«ነገ ይምጡ» አልኳቸው። ለደንበኛ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ የተናገርኩት ይኼንን ውሸት ብቻ ነው።

«ተባረኪ የኔ ልጅ» ብለው ሄዱ።

ዛሬ ሱቁን ልከፍት ስመጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። አላዩኝም። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነው ይህን የምጽፈው... አብዱ ስልኩን አያነሳም።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው፣ የምትጠብቅ እናት ፊት ቆሞ አያውቅም።