ከኋላ የቀረ አለ?

እውነቱን ልናገር። በዚያ ቀን የቀናሁት ከእኔ በሚፈጥን ሰው አይደለም፤ ከእኔ የሚፈጥን አልነበረም። የቀናሁት መጨረሻ በሚመጣው ሰው ነው።

ከነቀምት ተነሥተን በሦስት ቀን ጊንጪ ልንገባ የወጣን አሥራ አራት ብስክሌተኞች ነበርን። እዚያ ከገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ አለ፤ ለእሱ ፍራሽና ብርድ ልብስ ለማሰባሰብ ነው። አምቦ የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ቡድኑን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ካሠለጠንኳቸው ሁሉ የማይሆንለት ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሰውዬ ነበር። ከስልጤ መጥቶ አምቦ ላይ የከበረ፣ ሲከብርም አብሮ የከበደ ሰው ነው። ማርሽ መቀየር ሦስት ወር አስተምሬዋለሁ። ዳገት ባየ ቁጥር ይረሳዋል።

ሁለተኛው ቀን ከባኮ አምቦ ነበር፤ ከሁሉም ረጅሙም ዳገታሙም። እኔ ግን የጓጓሁት ለዚያ ቀን ነው። አምቦ ከመድረሳችን በፊት ጉደር አለች፣ ጉደር መንገድ ዳር ደግሞ እናቴ አለች። በዋዜማው ደውዬ፣ «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እናልፋለን፤ ፊት የምመጣው እኔ ነኝ» አልኳት።

«በሶ በጥብጬ እጠብቃለሁ» አለችኝ።

አርባ ዓመት የሞላው ሰው በአንድ ጆግ በሶ እንዲህ ደስ ሊለው አይገባም ነበር።

እናቴ ለልጆቿ ሁለት ቃል አላት። ታናሽ ወንድሜ ከሕፃንነቱ በሽተኛ ስለነበረ እሱን «ጀባዹ» ትለዋለች፤ በኦሮምኛ አይዞህ፣ በርታ እንደማለት ነው። እኔን ደግሞ «ጀባ» ትለኛለች፤ ብርቱ ማለት ነው። ሲሰሙት አንድ ይመስላል። ግን ብርቱ የተባለ ሰው በርታ አይባልም። አባታችን በሞተበት ክረምት ሁለታችንንም ወባ ጣለን። እሱን አቅፋው ተኛች። ለእኔ ኪኒኑን በእጄ ሰጥታኝ፣ «አንተ ጀባ ነህ፣ ትችለዋለህ» አለችኝ። ቻልኩት። ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቻልኩት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያቺን የወንድሜን ቃል አንድ ቀን እንኳ ለእኔ እንድትላት ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

ከባኮ ስንወጣ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀርባ ላይ ይወጣ ነበር። መንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እኔ ፊት ስደርስ ሰው ገና «ምንድን ነው ይሄ?» እያለ ከእሸት መጥበሻው ቀና ይላል፤ ሳይገባው አልፌው እሄዳለሁ። ከእኔ በኋላ አንዱ ሲያልፍ፣ ሌላው ሲያልፍ ወሬው ይዳረሳል። ባለ ሱቁ እያለከለከ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ይጠብቀዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚሉት ውሸት ነው። ለእሱ የበዛለት ውሃና እሸት ነበር።

ጌዶ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ አሠልጣኝ ነኝና ቆሜ ጠበቅሁ። አሥራ ሁለቱ ደረሱ። ቁልቁል ሳይ ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ባለ ሱቁን ከበውታል። አንዱ ኮርቻውን፣ አንዱ ወገቡን ይዘው «ጀባዹ! ጀባዹ!» እያሉ ሽቅብ ይገፉታል። ከብስክሌቱ ሲወርድ የጀርባ ኪሱ ውስጥ ሁለት ጥብስ በቆሎ ነበረው።

«ቲቸር፣ የዚህ አገር ሰው ደግነቱ!» አለኝ፣ አንዱን እየዘረጋልኝ።

«ማርሽ!» አልኩት። «በከባዱ ማርሽ ነው የወጣኸው! ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

አንጀቴ አርሮ ነበር። በቆሎውንም አልተቀበልኩትም፤ እየራበኝ።

ከጌዶ ወደ ጉደር አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ፍሬን አልነካሁም። ጉደር ስገባ ከኋላዬ ማንም አይታይም። እናቴ በሯ ላይ በርጩማ አስወጥታ፣ ጃንጥላ ዘርግታ ተቀምጣለች። ጆጉ እግሯ ሥር ነው። ስታየኝ ተነሥታ አጨበጨበች።

«ጀባ ኮ! የኔ ብርቱ!»

ፍሬን ያዝኩ።

«አትቁም! ሂድ፣ ሂድ፣ ይቀድሙሃል!» አለችና ዓይኗን ከእኔ አሳልፋ ወደ መጣሁበት መንገድ ላከች። «ከኋላ የቀረ አለ?»

«አንድ ወፍራም ሰውዬ አለ» አልኩ።

«ምስኪን» አለች፤ የጆጉን ክዳን ጠበቅ አደረገችው። በሶው ለእኔ መስሎኝ ነበር።

ጥቂት አልፌ ከአንድ ጎሚስታ ፊት ቆምኩ። የብስክሌቴን ካቴና በገዛ እጄ አወለቅሁና የተበላሸ ለማስመሰል ቁጢጥ አልኩ። ጎሚስታው «ልርዳህ?» ቢለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ጓደኞቼ አንድ በአንድ አለፉኝ። መጨረሻ ላይ ባለ ሱቁ መጣና እናቴ በር ላይ ወረደ፤ ወደቀ ማለት ይቀላል። በአንድ እጇ ጆጉን አፉ ላይ ያዘችለት፣ በሌላው ውሃ አናቱ ላይ አፈሰሰችለት።

«ጀባዹ፣ ኢልማ ኮ። አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል እኮ።»

ልጄ! ሆድ ባሰኝ። ግራሶ በእጁ የሞላ ሽማግሌ መሳይ ሰው ጎሚስታ ቤት ፊት ቁጢጥ ብሎ ሆድ ባሰው። ተነሣሁና ካቴናው እየተንጠለጠለ ብስክሌቱን እየገፋሁ ተመለስኩ።

«እማዬ፣ ደከመኝ።»

ባለ ሱቁ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየ። «እኔ ቀስ እያልኩ ልቅደም» ብሎ፣ በሶውን ከጢሙ ጠርጎ ሄደ።

እናቴ የእጇን ጀርባ ግንባሬ ላይ አደረገች። «አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። ደከመኝ ነው ያልኩሽ። እሱን አይዞህ፣ እኔን ሂድ?»

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወችው። ጆጉን ዘቅዝቃ ጠብታውን አራገፈች።

«አባትህ ሲሞት ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ዘጠኝ።»

«ያን ጊዜ አንተንም አይዞህ ብልህ፣ እኔን ማን አይዞሽ ይለኝ ነበር?»

ቁጢጥ ብዬ ካቴናውን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ቀላል ነገር ሆኖ ሳለ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ስነሣ «አይዞሽ» አልኳት፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም። ቀና ብላ መንገዱን ታይ ነበር።

«ሂድ በል፤ ያ ሰውዬ ጥሎህ ሄደ።»

እውነቷን ነው። ባለ ሱቁ የአምቦን መንገድ ይዞ፣ ወገቡን እያወዛወዘ ሽቅብ እየወጣ ነበር። ማርሹንም ቀይሯል። ከኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ። ተነሥቼ ፔዳሉን ስረግጥ ድምፅዋ ከኋላዬ መጣ።

«ጀባዹ!»

ለእኔ ይሁን ለእሱ አላውቅም። ዞሬም አልጠየቅኳትም።