ሰብሳቢው ያነበበው ደብዳቤ

ልብስ ሰፊው በቤተ ክርስቲያኑ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት አገልግሏል። ሰው የወደደው ማንንም በወረቀት ስለማያዝዝ ነበር። መዘምራን ሲኮራረፉ ስብሰባ ከመጥራቱ በፊት በየቤታቸው ይዞራል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ የሆዳቸውን ያዳምጣል። ለአዳዲስ ሽማግሌዎችም፣ «ቤቱ ሄዳችሁ ሳታነጋግሩት ማንንም አትሹሙ፣ ማንንም አታንሱ» ይላቸው ነበር።

ታዲያ ሕፃናትን ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩት አሮጊት ዓይናቸው ደከመ። መጽሐፉን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው እንኳ መስመር ይዘላሉ፤ ልጆቹም ይስቁባቸው ጀመር። ሽማግሌዎቹ በሌላ ሰው እንዲተኩ ወሰኑ። ማን ይንገራቸው ሲባል ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞረ።

ሰብሳቢው ግን ፊታቸውን ማየት ፈራ። ሦስቱንም ልጆቹን ያስተማሩለት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ነገ ሲል ሰነበተና አርብ ዕለት አራት መስመር ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ፣ በጥበቃው እጅ ላከላቸው። ቀለል አለው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሮጊቷ ፖስታውን ይዘው ልብስ ሰፊው ሱቅ ደጃፍ ከች አሉ።

«ልጄ፣ ከቤተ ክርስቲያን ነው አሉኝ። አንተ እያለህ ሌላ ሰው ምን አስቸገረኝ ብዬ መጣሁ። እስቲ አንብብልኝ።»

የስፌት መኪናውን አቆመ። ወረቀቱን ሲዘረጋ የገዛ ፊርማው አፈጠጠበት።

«ምን ይላል?»

«ስለ ድካምዎ... እናመሰግናለን ይላል፣ እማማ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

ፊታቸው በራ። መርቀውት ሄዱ። ምርቃቱ እንደ ድንጋይ ከበደው።

እሁድ ጠዋት አሮጊቷ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ሲገቡ ሌላ መምህርት ሰሌዳው ፊት ቆማለች።

«ደብዳቤው አልደረሰዎትም እንዴ?» አለች ደንግጣ።

ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጧት። ዝግ ባለ ድምፅ አነበበችላቸው፤ የፈራሚውንም ስም ጭምር።

«ማንም አላነበበልዎትም?»

«ያነበበልኝ ሰው ዓይኑ እንደኔ ደክሞ ይሆናል» አሉ።

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄደ። ቁጭ በል እስኪሉት ቆመ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ዓይኔ መድከሙን እኔ አጣሁት? ለመልቀቅ ቆርጬ ነበር። መጥተህ ብትነግረኝ አዲሷን እጇን ይዤ እኔው አስገባት ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ይቅር እልሃለሁ፤ ዛሬ ግን አልችልም» አሉት።

በሚቀጥለው እሁድ ደብዳቤውንም ውሸቱንም ለምእመናኑ ተናግሮ ሰብሳቢነቱን ለቀቀ። ቢለምኑትም እምቢ አለ። ከወራት በኋላ አሮጊቷ ስቀው አናገሩት፤ ነገሩም እንዳለፈ ነገሩት። እሱ ግን መልኩን በቅጡ እንደማያዩት እያወቀ እንኳ፣ ሲያናግራቸው ቀና ማለት ያቅተዋል።