የእናቴ ነጭ ቃጫ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ገበያ ድንች ገዛሁ። ሻጩ አፉን በላስቲክ ሲባጎ አስሮ የሰጠኝ ማዳበሪያ ባጃጁ ጋ ሳልደርስ ተፈታና ድንቹ ቦይ ውስጥ ገባ። በቦዩ የሚፈስ ውኃ የለም፤ ፌስታል፣ የለስላሳ ጠርሙስና አረንጓዴ ዝቃጭ ብቻ። ላወጣው ጎንበስ ስል ሽታው መለሰኝና ትቼው ሄድኩ።

ልጅ እያለሁ በዚያው መንገድ ጫፍ ከእንሰት ቃጫ ገመድና ጆንያ የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። በእኛ አገር እንሰት ሲፋቅ ቆጮው የቤት ነው፤ ቃጫው ግን የሴቲቱ ነው፣ ባል አይጠይቃትም። የእኔ ደብተርም የእሁድ ጫማም ከዚያ ነው የተገዛው። ሴቶቹ በሚፍቁበት ወንድ ስለማይጠጋ እኔ ሴቷ ልጅ እንደልቤ እገባለሁ፤ እናቴ ቃጫውን ስትስብ እስኪነጣ ድረስ አትለቀውም።

ፋብሪካው በር ላይ ተረካቢው ጋሽ ኤርሳዶ ነበሩ። ቃጫውን በጣታቸው ያበጥራሉ፣ አፍንጫቸው ድረስ አቅርበው ያሸታሉ፤ ከዶዮገና ድረስ ተሸክማ የመጣችም ብትሆን ኮምጠጥ ካላቸው ይመልሷታል። የእናቴን ግን አሽትተው «ንጹሕ ነው» ይሉና ለሌሎቹ ያሳያሉ። እኛ ልጆች በር ላይ የወዳደቀውን ለቅመን የምንዘልበትን ገመድ እንገምዳለን፤ ፀጉራችን በብናኝ ሸብቶ እቤት ስንገባ «አሮጊቶቹ መጡ» እንባላለን። የቃጫና የሞተር ዘይት ሽታ ሲቀላቀል ደስ ይለኝ ነበር።

በኋላ የላስቲኩ ማዳበሪያ በርካሽ መጣና ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ጋሽ ኤርሳዶ ሴቶቹን በር ላይ ሰብስበው «እቤት አቆዩት፤ ሲከፈት እጠራችኋለሁ» አሏቸው። እሳቸውም የተነገራቸውን ነው የተናገሩት፤ ሳይጠሯቸውም ሞቱ። ጎረቤቶቻችን ቆይተው ቃጫቸውን አቃጠሉት። እናቴ ግን በየዓመቱ እየጨመረች ጓዳውን እስከ ጣሪያ ሞላችው።

ድንቹን ጥዬ የሄድኩት ወደዚያ ፋብሪካ ግቢ ነበር። ምነው ባልሄድኩ። ቆርቆሮው ተገፎ ተወስዷል፤ ግድግዳው በሽንት ርሷል፤ ሴቶቹ ይሰለፉበት የነበረው ቦታ ላይ የቆሻሻ ክምር ይጨሳል። ከሽታው በላይ ያስጠላኝ አጥሩ ላይ የተሰቀለው ባነር ነው፤ «በቅርቡ ሥራ ይጀምራል» ይላል። አሮጌው ሲቀደድ ሹሞቹ አዲስ ይሰቅላሉ፣ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። እንዲህ ያለውን ውሸት የሚያምን ሰው እንዳለ እነሱ ያውቃሉ? እኔ አንዷን አውቃታለሁ፤ ለዚህም ነው የምጠየፋቸው።

እቤት ገብቼ «እማዬ፣ ጣሪያውን እንኳ ወስደውታል። ይሄን ቃጫ አውጥተን እንጣለው፤ አይጥ ነው የሚፈለፈልበት» አልኳት።

ጓዳ ገብታ አንዱን ነዶ አወረደች። የአይጡን ኩስ አራግፋ በእነዚያ በተጣመሙ ጣቶቿ ታበጥረው ጀመር።

«ድንገት ቢከፈት እንዲህ ቆሽሾ ይዤው ልሂድ?» አለችና ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። «እስቲ አሽትቺው።»

ያኔ ፋብሪካው በር ላይ ይወደስ የነበረው ዓይነት ቃጫ ነው። አፍንጫዬ ድረስ አቀረብኩት። የአይጥ ሽንት ይሸታል።

«ንጹሕ ነው» አልኳት።