የሚስስ ኑርሚ ባለወፍራም ጎማ ብስክሌት

ቨርን ኮስኪ በሰሜን ሚሺጋን፣ ከሐይቁ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ርካሽ ዕቃ በሚሸጠው ትልቅ መደብር ጓዳ ውስጥ ብስክሌት ሲገጣጥም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከካልሲና ከውሻ ምግብ አጠገብ ተደርድረው ከሚሸጡት ውስጥ በረዶ ላይ የሚሄዱትን ባለወፍራም ጎማዎች አብልጦ ይወዳል። ዋናው መንገድ ላይ እውነተኛ የብስክሌት ሱቅ ያለው ሰውዬ ግን "የካልሲ ብስክሌት" እያለ ያሾፍበታል። ይህ ቨርንን ያንገበግበዋል። እልህ ይዞት ከሚገጣጥመው ብስክሌት ሁሉ መቀመጫ ሥር ስሙን የጻፈባት ወረቀት ይለጥፋል፤ የሚያፍርበት ሥራ የለውማ።

በየካቲት አንድ እሑድ ነዳጅ ማደያው በር ላይ ቢጫ ብስክሌት ተደግፎ አየ። መሪው ላይ የዓሣ ባልዲ ተንጠልጥሏል፣ ከኋላው የበረዶ መብሻ ታስሯል። ደስ ሊለው ሲል፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ብረት ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ መገጠሙን አስተዋለ። ካርቶን ውስጥ ቦታ እንዳይፈጅ እንዲያ ዞሮ ነው የሚታሸገው፤ ገጣጣሚው ሳይመልሰው መሪውን ካጠበቀ አለቀ። የጀማሪ ስህተት ነው። ቨርን የማን እጅ እንደሆነ አይቶ ሊስቅ ጎንበስ አለ። ወረቀቷ ላይ ያገኘው የራሱን ስም ነው።

የብስክሌቱ ባለቤት ትኩስ የሥጋ ፓስቲ በወረቀት ጠቅልለው ከማደያው ብቅ አሉ፤ ሚስስ ኑርሚ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ቨርንንም በልጅነቱ አመላልሰውታል። ከሁለት ዓመት በፊት ዓይናቸው ደከመና መንጃ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳይለማመጡ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ዓሣ ለማጥመድ የሚወስዳቸው ይህ ብስክሌት ብቻ ነው። ቨርን ፊቱ ቀልቶ ጥፋቱን ሲነግራቸው፣ ትንሽ ግትር ከመሆኑ በቀር ምንም አይልም አሉት። እሱ ግን ካላስተካከልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ብሎ ለመናቸው። ከመኪናው መፍቻ አምጥቶ በዐሥር ደቂቃ አቃናው።

ሚስስ ኑርሚ ብስክሌቱ ላይ ወጡ፣ ፔዳሉን ሁለቴ ረገጡና የበረዶ ክምር ውስጥ ዘጭ አሉ። ደገሙት፤ አሁንም ዘጭ። እጃቸው የለመደው ያንን ጠማማ መሪ ነበርና ቀናው አልታዘዝ አላቸው። በሦስተኛው እዚያው በረዶው ላይ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ።

"የአውቶቡሱን ቁልፍ ስመልስ እንኳ እንዲህ አልከፋኝም" አሉ ቀስ ብለው።

ቨርን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

"መልሼ ላዙረው፣ ሚስስ ኑርሚ። አሁኑኑ እንደነበረ አደርግልዎታለሁ።"

እያወቀ ሊያጣምመው፣ ያውም ስሙ እንደተለጠፈበት! ከልቡ ነበር ግን።

"ደግሞ ልታበላሸው?" አሉ ልብሳቸውን እያራገፉ። "የጠማማውን ብቻዬን እየወደቅኩ ነው የተማርኩት። ለዚህኛው አንተ ትይዘኛለህ። ና፣ ያዝ።"

የስድሳ አንድ ዓመቱ ቨርን ሆዱን አስቀድሞ፣ መቀመጫውን ጨብጦ ማደያውን ሲዞር ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር። ጥሩምባ የማይነፋ መኪና አልነበረም። የብስክሌት ሱቁ ባለቤትም መኪናውን ቀስ አድርጎ መስኮቱን አወረደ።

"ቨርን፣ ለልጅቷ ደጋፊ ጎማ የላችሁም እንዴ?"

ቨርን ዞሮም ሳያይ መግፋቱን ቀጠለ። አንዴ ፓስቲው ከሚስስ ኑርሚ ኪስ ወድቆ እሱው ረገጠው፤ ሁለቱም ሳቅ አሸንፏቸው ቆሙ። በስድስተኛው ዙር መቀመጫው ከእጁ ሾለከ። ሊይዘው ሮጠ፤ አልደረሰበትም።

ሚስስ ኑርሚ መንገዱን ተሻግረው፣ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይሉ፣ ቀጥ ብለው ወደ ሐይቁ ወረዱ። ቨርን ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ በዓይኑ ሸኛቸው። ገጣጥሞ ከመደብሩ ያስወጣው ብስክሌት አራት ሺህ ያልፋል፤ አንዱ ላይ እንኳ ሰው ወጥቶ ሲሄድ እስከዚያ ቀን ቆሞ አይቶ አያውቅም ነበር።