ማንጎው ላይ የተሰቀለው ክዳን

ምንጮቼ የራሴ ትውስታና የእናቴ ቃል ናቸው፤ ሁለቱም ሙሉ አይደሉም። ዛሬ ጂንካ ውስጥ ባጃጅ ሲቀባ ሽታው ያንን ጠዋት መለሰብኝ።

በደርግ ዘመን አባቴ የመኪና መለዋወጫ ግቢያችን ውስጥ ይቀባ ነበር። ያን ጠዋት ወንድሜን ለውትድርና የሚወስደው የጭነት መኪና የነዳጅ ታንክ ክዳን እንዲደርቅ ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ሾፌሩ ያለ እርሱ አልነሳም ብሏል። ሊደርቅ ሲል አባቴ እንደገና አረንጓዴ ቀለም ይቀባዋል።

«ጋሼ፣ መኪና ነው የሚቀቡት ወይስ ሙሽራ የሚኩሉት?» አለ ሾፌሩ።

«ቀለም አይጣደፍም።»

ወንድሜ ተነሥቶ ክዳኑን አወረደ። «አባዬ፣ ደርቋል» ብሎ ለሾፌሩ ሰጠው። አባቴ ብሩሹን በነጭ ጋዝ ማጠብ ጀመረ።

እናቴ፣ ወንድሜ ጣቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ሄደ ትል ነበር። እኔ የማስታውሰው ጀርባውን ብቻ ነው። ስላልተመለሰም፣ ቀለሙ በእርግጥ ደርቆ እንደነበር አልጠየቅሁትም።